ከአባቶቻችን አፍ የወሰዳችሁት አማና ነው፤ መልሱልን!



ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ጽሑፋችን ለሁላችሁም ነው፤ ይበልጥ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ታሪክ ላጠናችሁት፣ እያጠናችሁም ላላችሁት ነው። ቆጣ ያለ ቃል ብታገኙ አውፍ በሉን። የምንቆጣው ስለምንወዳችሁና ስለምንኮራባችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ የታሪክ ተማሪ ወደኛ ወደ ሰላ ድንጋይ መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ በእጁ ደብተርና ስልክ ይዟል። «የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ሙስሊሙ በዚህ ደጋ መቼና እንዴት እንደሰፈረ የሚያውቁ አዛውንት አሉ?» ሲል ጠየቀን። ደስ አለን። በጀማዓችን ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ወደነበሩት አባት ወሰድነው። አባባ ሸማኔ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል፤ ያዩትንና የሰሙትን ግን አንድም አልረሱም።

ከዒሻ ሶላት በኋላ ሦስት ሌሊት ተቀመጡ። ብርዱ ያንገበግባል፤ ቡናው ይፈላል፤ አባባ ያወራሉ። አያታቸው ከኢፋት ቆላ ጥጥ ጭነው ወደ ደጋ ሲወጡ የት የት እንደሚያድሩ፣ አሞሌ እንዴት እንደሚመነዘር፣ የመጀመሪያው ጁምዓ በማን ቤት እንደተሰገደ፣ ርስት የሌለው ሰው በምን ልጆቹን እንደሚያሳድግ፣ በክፉ ቀን በሩን የከፈተላቸው ክርስቲያን ጎረቤት ማን እንደነበር ሁሉንም ነገሩት። ልጁ ቀረጸ፤ ጻፈ። ሲሰናበት «አባባ፣ ሲያልቅ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ ለልጅ ልጆቼ አንብብላቸው» አሉት።

ተማሪው ተመረቀ። አባባ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጽሑፉ አልመጣም። የልጁ ስልክ አይሠራም። አንድ ወንድም አፈላልጎ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነገረን፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከግቢ አይወጣም። የአባባ የልጅ ልጅ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ነው። የአያቱ ቃል እሱ በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ እሱ በማይገባበት ግቢ ተቀምጧል።

እንጠይቃችሁ። ይህ ምን ይባላል? እኛ በመድረሳ የተማርነው አንድ ስም አለው፤ አማና። አማና ማለት አንድ ሰው ላንተ አምኖ የሰጠህ፣ ያንተ ያልሆነ፣ ለባለቤቱ የምትመልሰው ነገር ነው። ቁርኣናችን በሱረቱ ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ያዘናል። ብር ብቻ ነው አማና ያለው ማነው? የሽማግሌ ቃልም አማና ነው። ወስዶ ዲግሪ ማግኘት፣ ከዚያ ዝም ማለት፣ ወንድማችን፣ ዕዳ አለመክፈል ነው።

በአንድ ልጅ ላይ ብቻ የምናሳብበው አይደለም። እሱ መንገዱን ሲያገኝ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ገና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ጀምሮ ወደየሀገራቸው እየወረዱ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ከተመሠረተ ወዲህ ስንት ጽሑፍ ተከማችቷል! የገበያ ታሪክ፣ የአውራጃ ታሪክ፣ የመስጂድና የዛዊያ ታሪክ። ብዙው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙውን ከመምህሩና ከተማሪው በቀር ያነበበው የለም። እዚሁ አጠገባችን ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አለ። ከኛ ሰፈር ልጆች እዚያ ገብተው የተማሩ አሉ። ታዲያ ከዚያ ግቢ ስለዚህ ሀገር የተጻፈውን በአማርኛ ጁምዓ ቀን ቁጭ ብለን ያነበብነው መቼ ነው?

ይህን ዝምታ ምን እንዳስከፈለን እናንሳ። የቆምንበት መሬት ተራ መሬት አይደለም። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ወደ ምሥራቅ ገደሉን ወርዶ ያለው ኢፋት ግን የማን መቀመጫ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው አል-ዑመሪ በዚህ ቀጠና የነበሩትን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲቆጥር ኢፋትን በስም ጠርቷል። ከዚያም በፊት የሸዋ ሡልጣኔት ነበረ። ስለሱ የሚተርክ አንድ አጭር የዐረብኛ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1063 ከሞተች በዲት ከምትባል ንግሥት ይጀምርና በ1285 የኢፋቱ ወላስማ ሸዋን እንደያዘ ይነግረናል። ጽሑፉን አሳትሞ ለዓለም ያስታወቀው ማን ነው? ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ፣ በ1941፣ በጣሊያንኛ!

እንቀጥል። በአንኮበር ሥር ስላለችው ስለ አልዩ አምባ፣ ስለ ነጋዴዎቿና ስለ ገበያዋ የምናገኘው ብዙው ዝርዝር ከማን ነው? በከተማዋ ከተቀመጠው ከእንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተንና በዚያው ዘመን ወደ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከመጣው ከሃሪስ። የሁለቱም መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1844 ታተሙ። የኢፋትን የፈረሱ ከተሞች፣ አስበሪን፣ መሳልንና ኖራን፣ ከነመስጂድ ፍርስራሻቸው አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቡድን ነው። ጽሑፉ የወጣው በፈረንሳይኛ ነው። ኢትዮጵያውያን ምሁራን በቡድኑ ውስጥ መኖራቸው ያስደስተናል። የሸዋ ሮቢት ወጣት ግን ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ስላለው ስለዚያ ፍርስራሽ የሚያነበው ነገር በእጁ የለም።

የውጭ ሰዎቹን አንወቅስም። የለፋ ሰው ይመሰገናል። የሚያሳፍረው የኛ ነው። ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲን አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረ የካይሮ ዓሊም ነው። ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ያየውን ጽፎ ያስቀረ ታላቅ የታሪክ ሰው ነው። «ጀበርቲ» የሚለው ስሙ እንደሚናገረው የዘር ሐረጉ ወደኛ ቀጠና ይመዘዛል። የኛ ልጅ የግብጽን ታሪክ ጻፈላቸው፤ የግብጽ ሕዝብም ዛሬ በራሱ ቋንቋ ያነበዋል። የኛንስ ማን በቋንቋችን ይጻፍልን?

ዝም ያላችሁበት ቦታ ደግሞ ባዶ አይቀርም። ሌላ ይሞላዋል። የራሳችንን ጥፋት እንናገር። አንድ ጊዜ በስልካችን አንድ ቪዲዮ ደረሰን። የሚያምር ጥንታዊ መስጂድ ያሳያል፤ ከሥሩ «የኢፋት ሡልጣኖች መስጂድ» ይላል። አነባን። ወዲያው ለጀማዓው ወጣቶች ላክነው፤ እነሱም ለሌላው ላኩት። በማግስቱ አንድ የከተማችን መምህር፣ ክርስቲያን ወዳጃችን፣ በአክብሮት ጠጋ ብሎ «ይህ መስጂድ እኮ ያለው ሌላ ሀገር ነው» አለን። ብናጣራ እውነቱን ነው። እንዴት አፈርን! ያፈርነው ስለተሳሳትን ብቻ አይደለም። እውነተኛው ፍርስራሽ ከገደሉ ሥር እያለልን የሰው መስጂድ ተውሰን መኩራታችን ነው ያሳፈረን።

ዛሬ ደግሞ የባሰ መጥቷል። ኮምፒውተር የሳለው ሡልጣን፣ ኮምፒውተር የሠራው ቤተ መንግሥት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዓመተ ምሕረት በየስልኩ ይዞራል። ከወዲያም ከወዲህም ሰው ሰውን ለማናደድ የሚጽፈው «ታሪክ» አለ። ወጣቱ ይህን እየበላ ያድጋል። እውነተኛው ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ውሸቱን ልታጠፉት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ዝም ያላችሁትም እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ እኛ የመድረሳ ልጆች ለእናንተ የምናበረክተው አንድ ነገር አለን፤ ኢስናድ። ሐዲስ ስንማር መጀመሪያ የተማርነው «ማን ነገረህ?» ማለትን ነው። እሱስ ከማን ሰማ? ተገናኝተው ነበር? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነበር? ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር ሳናጣራ እንዳንቀበል ታዝዘናለች። ታላቁ ኢብኑ ኸልዱንም ሙቀዲማውን ሲጀምር ከሱ በፊት የነበሩትን የታሪክ ጸሐፊዎች የተቸው በዚሁ ነው። ስለ ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ሠራዊት ብዛት የሚነገረውን ስድስት መቶ ሺህ የሚለውን ቁጥር አንስቶ፣ ይህን ያህል ሰው በዚያ መሬት እንዴት ሊሰለፍ ይችላል ብሎ በአእምሮ መዘነው። ዩኒቨርሲቲ «የመረጃ ምንጭ» ብሎ ያስተማራችሁ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ታሪክ ከነኢስናዱ አምጡልን። ማን ነገራችሁ፣ ዕድሜው ስንት ነበር፣ የት፣ መቼ፣ እሱስ ያየው ነው ወይስ የሰማው?

አሁን ወደ ሰበቦቻችሁ እንምጣ። ሁሉንም ሰምተናል።

«ጽሑፌ የተማሪ ጽሑፍ ነው፤ ደካማ ነው» ትላላችሁ። እሺ፤ የደከመበትን ቦታ ጻፉልን። «ይህን ከአንድ ሰው ብቻ ነው የሰማሁት፣ አላረጋገጥኩም» ያለ ተማሪ ከሚያጋንን ሊቅ ይበልጥብናል። ምናልባት ያልደረሳችሁበት ሌላ ሽማግሌ አንብቦ ያርማችኋል። ተደብቆ የተቀመጠን ስሕተት ግን ማን ያርመዋል?

«ይሰርቁብኛል» ትላላችሁ። ስማችሁና ቀኑ ያለበትን በአደባባይ ያወጣችሁትን የሰረቀ ሰው በሕዝብ ፊት ይጋለጣል። ከመደርደሪያ ገልብጦ ለራሱ ያደረገውን ግን ማን ያየዋል?

«ታሪክ መቆስቆስ ፊትና ነው» የሚሉን ታላላቆችም አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ሀገሪቱ ያለችበትን እናውቃለን። ግን ፊትናውን ማን እየጻፈው ነው? ያልተማረው፣ ያልጠየቀው፣ የሚጮኸው ነው። ያጠናው ሰው ዝም ባለ ቁጥር ለሱ ሜዳውን ይለቅለታል። ሱረቱል ማኢዳህ የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታስጠነቅቃለች። ሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በራሳችን ላይም ቢሆን ለእውነት እንድንመሰክር ታዝዛለች። ፍትሕ ማለት የተበደልነውን ብቻ መቁጠር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአልዩ አምባ አቅራቢያ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከነጋዴዎቹ መካከል የኛ ወገኖች ነበሩበት። ይህንንም ጻፉ። ጥፋቱን የማይደብቅ ሰው በደሉን ሲናገር ይታመናል። የአባባን ታሪክ ስትጽፉም በር የከፈተላቸውን ክርስቲያን ጎረቤት አትዝለሉት። ያ ጎረቤት ከታሪኩ ከወጣ ታሪኩ የአባባ መሆኑ ይቀራል።

«ለዲናችን የሚጠቅም ከሆነ ትንሽ ቢጋነን ምን አለበት?» የሚልም አለ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። ሰው ቁርኣን እንዲቀራ ብለው በመልካም ሐሳብ ስለ ሱራዎች ትሩፋት ሐዲስ የፈጠሩ ነበሩ። የሐዲስ ዑለሞች ግን አሰባቸው ጥሩ ነው ብለው አላለፏቸውም፤ ውሸታም ብለው ስማቸውን መዘገቡ። ነቢያችን ﷺ ላይ መዋሸትና በታሪክ ላይ ማጋነን እኩል ነው አላልንም። ነገር ግን ዲናችን የውሸት ድጋፍ ፈልጎ አያውቅም።

ተማሪዎቹን ብቻ ተቆጥተን ብናቆም ግን እኛም ፍትሐዊ አንሆንም። ጀማዓ ሆይ፣ የኛም ጥፋት ከባድ ነው። በየቤቱ ሱንዱቅ ውስጥ የአያት ኪታብ ተቆልፎ ምስጥና አይጥ ይበላዋል፤ ተማሪ መጥቶ «ላንሣው?» ሲለን በጥርጣሬ እናየዋለን፤ ከዚያ የኪታብ ነጋዴ መጥቶ በጥቂት ብር ይገዛዋል። የታሪክ ተማሪ የማንወደውን ሲጽፍ እንሰድበዋለን፤ ደስ የሚያሰኘንን ውሸት የሚጽፈውን እናጨበጭብለታለን። ልጁ ታሪክ ሊያጠና ሲመደብ «ምን ይበላበታል?» እንላለን። እንዲህ እያደረግን «ታሪካችን አልተጻፈም» ብለን ማልቀስ አንችልም።

ደግሞ የተቻለበት ምሳሌ አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የወሎን ሸኾችና ዛዊያዎች ታሪክ ከኪታብም ከሰው አፍም ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሆላንድ ሀገር ትልቅ መጽሐፍ አሳትመው አልፈዋል። በ2009 ነው ያረፉት። ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተውናል፤ በእንግሊዝኛ የሠሩትን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ማውረድ የተከታዮቻቸው ድርሻ ነው። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳይሆኑ፣ ኪታቦችንና ጥንታዊ ዕቃዎችን ሰብስበው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም አቋቁመዋል። ስለዚህ «አይቻልም» አትበሉን።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምንጠይቀው ጥቂት ነው።

1ኛ፦ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ፍሬ በቀላል አማርኛ አሳጥሩት። የአርጎባ፣ የኦሮሞ፣ የአፋር ልጅ ከሆናችሁ በእናታችሁም ቋንቋ ጻፉት። ለመምህር ሳይሆን ለአባባ የልጅ ልጅ ጻፉ።

2ኛ፦ ኢስናዱን አትርሱ። የነገራችሁን ሰው ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሜ አይጠራ ካለ አክብሩለት። እርግጠኛ የሆናችሁበትንና የሚያከራክረውን ለዩልን።

3ኛ፦ ኪታብ ያለበትን ቤት በአደባባይ አትጠቁሙ፤ ሌባም ነጋዴም ያነባል። ይዘቱን ንገሩን፤ አድራሻውን ተዉት።

4ኛ፦ አንድ ቅጂ ወደ ሰጣችሁ ሰፈር መልሱ። ለመስጂዱም፣ ለትምህርት ቤቱም ስጡ። ታትሞ በወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ ስልክ ይጠፋል፤ ወረቀት ይቆያል። የድምፅ ቅጂውንም ለቤተሰቡ ስጡ። የሞተ አባት ድምፅ ስንት ዋጋ እንዳለው አባት የቀበረ ያውቀዋል።

5ኛ፦ እናንተ ኢማሞችና የመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ በወር አንድ ቀን ለነዚህ ልጆች ስጡ። ያነብቡ፤ ሽማግሌው ያርም፤ ወጣቱ ይጠይቅ። እኛ በሰላ ድንጋይ ለመጀመር ዝግጁ ነን፤ ኢንሻአላህ ጀበናውም ይጣዳል።

አንድ ነገር ብለን እናብቃ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ለእኩልነት የወጣበትን ታላቅ ሰልፍ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተውበታል። ያን ቀን ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰባን አልፏል። በየከተማው፣ በየመስጂዱ የፊት ሶፍ ላይ ምርኩዝ ይዞ ተቀምጧል። በየሳምንቱ ጀናዛ እንሰግዳለን፤ ከነሱ ስንቱ ሳይጠየቅ እንደሄደ አላህ ያውቃል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድማችን፣ ተማሪ እህታችን፣ የፈጸማችሁትን ጥናት መልሱ፤ ያልጀመራችሁት ዛሬ ማታ ከጎናችሁ የቆሙትን ሽማግሌ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። ከዓመታት በፊት ወደኛ የመጣኸው ወንድማችንም ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አልተቀየምንህም። በሩን ታውቀዋለህ። የአባባ የልጅ ልጅ እየጠበቀህ ነው፤ መጥተህ አንብብለት።

አላህ ከአማና ጠባቂዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።